የጋሽ ገብረአብ ሳሎን

ጋሽ ገብረአብ እሑድ እሑድ ሳሎናቸው ውስጥ ማኪያቶ ይጠጡ ነበር። ሳሎኑ ከፈረሰ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል። እሳቸው ግን ከአያት ኮንዶሚኒየም ተነሥተው፣ መገናኛ ወርደው፣ ሌላ ታክሲ ይዘው አራት ኪሎ ይደርሱና ከዚያ በእግራቸው ቁልቁል ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ይመጣሉ። ከድልድዩ በታች፣ ድሮ ሰፈራችን በነበረበት ወንዝ ዳር፣ ዛሬ በድንጋይ የተነጠፈ የእግር መንገድ አለ። መብራት ተተክሎበታል፣ አበባ ተተክሎበታል፣ ሙሽሮች ፎቶ የሚነሡበት ሰፊ ደረጃ ተሠርቶበታል። እሑድ ከሆነ ከሰው ብዛት መተላለፊያ የለውም። በመንገዱ መጨረሻ ላይ ዙሪያውን በመስታወት የታጠረ ሬስቶራንት አለ። ጋሽ ገብረአብ ከመግባታቸው በፊት በሩ ላይ ይቆሙና መስታወቱን በጣታቸው አንጓ ኳ ኳ ያደርጉታል። አርባ አራት ዓመት መስታወት ሲቆርጡ የኖሩ ሰው ናቸው።

«ድርብ ነው» አሉኝ አንድ ቀን። «በመሐሉ አየር አለው። ውጭ ሠርገኛ እየጨፈረ ቢያልፍ እዚህ አይሰማም። እኔ እንዲህ ያለውን በእጄ ሳልነካ ሥራ አቆምኩ።»

መቀመጫቸው አንድ ነው፤ ጥግ ላይ ያለችው፣ ለወይራዋ የምትቀርበዋ ጠረጴዛ። ሰፈሩ ሲነሣ ያቺን ወይራ ትተዋታል። አሁን ዙሪያዋን ክብ አግዳሚ ተሠርቶላት ሰው ከሥሯ ተቀምጦ አይስክሬም ይበላል። ድሮ ከጋሽ ገብረአብ ሳሎን መስኮት እስከ ወይራዋ ድረስ አራት እርምጃ ነበር። ስለዚህ ከወይራዋ ተነሥተው አራት እርምጃ ለኩና ቤታቸውን አገኙት።

«ይቺ ጠረጴዛ ሶፋው ላይ ናት» ይላሉ። «አስተናጋጇ የቆመችበት ቡፌው ነበር። ሽንት ቤታቸው ደግሞ የሰላሀዲን ሳሎን ነው። እንዳትነግረው።»

ሰላሀዲን የግድግዳ ጎረቤታቸው ነበር፤ ፀጉር አስተካካይ ነው፣ ምላሱ ከመቀሱ ይፈጥናል። መነገሩ አልቀረም፤ ነገርኩት። «እኔማ ድሮም ቤቴ እንግዳ አይጠፋውም ነበር» አለ።

ጋሽ ገብረአብ ቦታውን አያማርሩትም። «አምሯል» ይላሉ። «ያማረን ነገር አምሯል ማለት ነው። ያኔ ክረምት በገባ ቁጥር ወንዙ እኛ ቤት ይገባ ነበር። አሁን እኛ ከፍለን ወንዙ ቤት እንገባለን።» የሚመጡት ግን ለማኪያቶውም ለወይራዋም አልነበረም። ልጃቸውን መሓሪን ይጠብቁ ነበር።

ከአዲግራት ፒያሳ የመጡት በሃያ ዓመታቸው ነው። አንድ አርመን መስታወት ቤት ተቀጥረው ሙያውን ለመዱ። ሰውየው አገር ለቆ ሲሄድ ጫፏ አልማዝ የሆነችውን መቁረጫውን ሰጣቸው፤ በእሷ ሱቅ ከፈቱ፣ በእሷ አገቡ፣ በእሷ ልጅ አሳደጉ። በሰፈራችን በእጃቸው ያላለፈ የመስኮት መስታወት አልነበረም። እኛ ኳስ ስንጫወት እንሰብራለን፤ እሳቸው ስቱኮ በጋዜጣ ጠቅልለው ይመጣሉ። ሰባሪው ማን እንደሆነ አይጠይቁም። «ጎሉ ገባ?» ነው የሚሉት።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ምብራት ያረፉት መሓሪ አሥር ዓመት ሲሞላው ነው። ልጁን ብቻቸውን አሳደጉት። ምግብ መሥራት አያውቁም ነበር፤ ሁለቱ ወንዶች ለአንድ ዓመት ያህል ዕንቁላል ብቻ በሉ። መሓሪ ሲያድግ የአይሱዙ ሾፌር ሆነ። ከክፍለ ሀገር የሚመለሰው ሁልጊዜ እሑድ ነው። ድልድዩ ላይ ሲደርስ ጥሩንባውን ሁለቴ ይነፋል፤ ጋሽ ገብረአብ ዕንቁላሉን መጥበሻ ላይ የሚሰብሩት ያኔ ነው።

አምስት ዓመት ሆነ። አዲግራት ሆቴል የሚያሠሩ አንድ ዘመዳቸው መስታወት አዘዙ። ጋሽ ገብረአብ በልኩ ቆረጡት፣ በጭድ ጠቅልለው በሣጥን አሸጉት፣ በየሣጥኑ ላይ በሰማያዊ ቀለም «ገብረአብ መስታወት፣ ራስ መኮንን ድልድይ» ብለው ጻፉበት። መሓሪ ለዚያ ሳምንት ሌላ ጭነት ይዞ ነበር፤ ወደ ሐዋሳ። አባትየው አስቀየሩት። «ሌላ ሾፌር የመስታወት አያያዝ አያውቅም። ይሄን አድርሰህ ትመለሳለህ» አሉት። በጥቅምት መጨረሻ ወጣ። በሁለተኛው ቀን ጦርነቱ ተጀመረ፤ መንገዱም ስልኩም ተዘጋ። መንገዱ ሲከፈት ሌላው ሁሉ ከያለበት ደወለ። መሓሪ አልደወለም።

ጋሽ ገብረአብ ለዚህም ምክንያት አገኙለት። ልጁ በቃሉ የሚያውቀው የቤቱን ስልክ ብቻ ነው። ቤቱ እስኪፈርስ ድረስ ከዚያ ስልክ ርቀው አያውቁም፤ ሱቁን እንኳ የዘጉት ስለዚሁ ነው። ቤቱ ሲፈርስ ስልኩም አብሮ ተቆረጠ።

«እንግዲህ ቢደውልም አያገኘኝም» ይላሉ። «በእግሩ ነው የሚመጣው። ከድልድዩ ወርዶ፣ ወይራዋን አይቶ፣ አራት እርምጃ። ደግሞ እሑድ ነው። ወደይ በሌላ ቀን መጥቶ አያውቅም።»

ወደይ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። በትግርኛ የሚጠሩት ሲናፍቁ ብቻ ነበር።

ዘንድሮ ጥቅምት ሲገባ አንድ ቄስ ለሕክምና ከሰሜን መጡ። ከሕክምናቸው መልስ ፒያሳ ውስጥ «ገብረአብ መስታወት» እያሉ ሲጠይቁ ዋሉ። ሰፈር የለ፣ ማን ይንገራቸው። በመጨረሻ አንድ ሊስትሮ አራት ኪሎ ያለችውን የጋሽ ካሣሁንን ሱቅ አመለከታቸው። ጋሽ ካሣሁን የዕድራችን ዳኛ ናቸው። ሰፈሩ ሲበተን ዕድሩን እንበትነው ቢባሉ እምቢ አሉ፤ ድንኳኑንና ድስቶቹን ሱቃቸው ጣሪያ ሥር አስቀምጠው፣ ከሰማንያ አባላት በቀረነው አሥራ ምናምን ሰዎች ላይ አሁንም ዳኛ ናቸው። እኔ ጸሐፊው ነኝ። ዩኒቨርሲቲ የገባሁት እኔ ብቻ ስለነበርኩ በሃያ አራት ዓመቴ የተሰጠኝ ሹመት ነው።

ቄሱ ከኪሳቸው መንጃ ፈቃድ አወጡ። መሓሪ ገብረአብ። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ፣ መኪናው ከነጭነቱ መንገድ ዳር ቆሞ ሲገኝ፣ ልጁ ከመሪው ሥር ነበር። እሳቸው በሚያገለግሉበት ቤተ ክርስቲያን ግቢ ቀበሩት። ሣጥኖቹ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብበው ነበርና፣ አንድ ቀን አዲስ አበባ ብደርስ ብለው መንጃ ፈቃዱን አምስት ዓመት አስቀመጡት።

ጋሽ ካሣሁን ጠሩን። ሱቁ ውስጥ ስኳርና ሳሙና መሐል ተቀመጥን፤ ሰላሀዲን፣ ዕድሩ ውስጥ የሴቶቹ አለቃ የነበረችው ፀደንያ፣ ጋሽ ገብረአብን የምታኖራቸው የወንድማቸው ልጅ ሰምሃር፣ እኔ። መርዶው መነገሩ አላከራከረንም። ያከራከረን የት እንደሚነገር ነው።

መርዶ ቤት ይፈልጋል። ሳይነጋ ሽማግሌ የሚያንኳኳው በር ይፈልጋል። ሰውየው ሲወድቅ የሚቀበለው የራሱ መሬት፣ ግራና ቀኝ ብብቱን የሚይዝ ጎረቤት፣ ጩኸቱን ሰምቶ ማን ሞተ ሳይል ነጠላውን አንሥቶ የሚሮጥ መንደር ይፈልጋል።

«ኮንዶሚኒየሙ እንሂዳ» አለች ፀደንያ።

«አራተኛ ፎቅ ነው» አለች ሰምሃር። «ጎረቤቱ ስማችንን አያውቅም። በቀደም ከላያችን ያሉት ሰውዬ ሞተው በሦስተኛው ቀን ነው የሰማነው። የበረንዳው አጥር ደግሞ እዚህ ጋ ነው።» በእጇ ወገቧን አሳየች። «አጎቴ ‘እኔ ነኝ የላክሁት’ ይላል፣ በእንቅልፉም ይለዋል። እዚያ ብትነግሩት ብቻዬን አልችለውም። በእመቤቴ፣ እኔ ቤት አይሁን።»

«ታዲያ የት?» አለ ሰላሀዲን።

«ቤቱ» አሉ ጋሽ ካሣሁን።

«የቱ ቤቱ ጋሼ?»

«እሑድ እሑድ የሚሄድበት።»

ሰላሀዲን ዝምታ አይችልም። «ሬስቶራንት? እኔ ልደውል እንግዲህ። ሄሎ፣ ለስምንት ሰው፣ በመስኮት በኩል፣ ለመርዶ።»

ፀደንያ ሳቀች፤ ሳቁ ሳያልቅ ማልቀስ ጀመረች። ግን ከዚያ የተሻለ ቦታ የሚያመጣ ጠፋ። ሁላችንም ከአሥር አቅጣጫ ስንመጣ ሳንጠፋፋ የምንገናኝበት ቦታ እሱ ብቻ ነበር። ሰው ሳይበዛ፣ እሑድ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ከዕድሩ መምጣት የምንችል ሁሉ እንገኛለን። እሳቸው አራት ሰዓት ላይ ሲመጡ ወደ ወይራዋ እንወስዳቸውና ጋሽ ካሣሁን ይነግሯቸዋል። እንዲህ ተስማማን።

እሑድ ጠዋት ሌላ ነገር መጣ። ጋሽ ገብረአብ ጉንፋን ይዟቸው ስለነበር ብርድ ልብስ ተከናንበው «ዛሬስ አልወጣም» አሉ። ሰምሃር ጨነቃት። እኛ ዘንድ የሞተን ሰው ዘመድ ለመጥራት የሚባለው ይታወቃል፤ ትንሽ አሞታል ነው የሚባለው። እዚያ ላይ ሁሉም ይገባዋል። ሰምሃር ግን መሓሪ አሞታል ለማለት አፏ አልታዘዝ አላት። «ሂድ አጎቴ» አለቻቸው። «እነ ጋሽ ካሣሁን እየጠበቁህ ነው። ስለ መሓሪ ወሬ አለ።»

ከአልጋው ተነሡ። ጢማቸውን ተላጩ። ለመሓሪ ሠርግ ያሰፉት ግራጫ ሙሉ ልብስ ነበር፤ ሠርጉ ልጁ በወጣበት ዓመት ጥር ላይ ታስቦ የነበረ ነው። እሱን ለበሱ።

በመስታወቱ ውስጥ ብቻቸውን ሲመጡ አየናቸው። በዚያ ሁሉ ጎብኚ መሐል፣ ስልኩን እያቀና ፎቶ ከሚነሣው ሁሉ መሐል፣ እንደ ጎልማሳ ይራመዱ ነበር። በሩ ላይ መስታወቱን ኳ ኳ አድርገው ገቡ። ሰባታችንም ቆምን። ለመርዶ ሰው የሚቆመው አቋቋም አለ፤ እጅ ወደ ፊት ተጣምሮ፣ ራስ ዘንበል ብሎ። እንደዚያ ነበር የቆምነው።

«ምን ያቆማችኋል!» ብለው ሳቁ። «እኔ ቤት ማን ቆሞ ያውቃል? ተቀመጡ!»

አንድ ባንድ አቀፉን። ከጋሽ ካሣሁን ጋር ሦስቴ ትከሻ ለትከሻ ተሳሙና «ካሣ፣ አንተ ሽማግሌ፣ አረጀህ» አሏቸው። ወዲያው አስተናጋጇን ጠሩ። ሀኒፋ ትባላለች፤ ከሰው ሁሉ ለይታ ታውቃቸዋለች።

«ሀኒፋ ልጄ፣ ዛሬ እንግዳ አለብኝ። እነዚህ ሁሉ የሰፈሬ ሰዎች ናቸው። ጥብስ አምጪ፣ ለዚህ ለሰላሀዲን የሚሆነውን አንቺ ታውቂያለሽ። ዓሣም አምጪ፤ ወንዝ ዳር አይደለን እንዴ?»

«ጋሼ፣ ለስንት ሰው ይሁን?»

ቆጠሩን። ከቆጠሩን በኋላ ወደ ጎን ካለው ጠረጴዛ አንድ ወንበር ጎትተው አጠገባቸው አስቀመጡ፣ ፊቱን ወደ በሩ አዙረው። «ለዘጠኝ አድርጊው» አሉ።

ሰላሀዲን ሜኑውን ገልብጦ ይዞ ያነብ ነበር። «አንተ ደግሞ ምን ዘጋህ?» አሉት ጋሽ ገብረአብ። «ሳሎንህን ሽንት ቤት ስላደረጉብህ ነው?» ሰላሀዲን ለመሳቅ ሞከረ። የወጣለት ድምፅ ሳቅ አልነበረም፤ እኛ ግን ለማስመሰል አብረነው ሳቅን፤ ሳቃችን ከሚገባው በላይ ረዘመ።

ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። የመላጫ ሳሙናቸው ይሸታል። «አንተ የተማርክ ነህ፣ መዋሸት አትችልም። በአውሮፕላን ነው በመኪና የሚመጣው?»

መንጃ ፈቃዱ ደረት ኪሴ ውስጥ ነበር። «ጋሽ ካሣሁን ይንገሩዎት» አልኩ።

ጋሽ ካሣሁን ሃያ ሁለት ዓመት መርዶ የነገሩ ሰው ናቸው። ለእናት ነግረዋል፤ ለሙሽራ ነግረዋል። ተነሡ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ገብሬ» አሉ። «እኔና አንተ ስንት ዘመን አብረን… እንግዲህ ሰው ሆነን ስንፈጠር…»

«ቆይ ቆይ» አሉ ጋሽ ገብረአብ እጃቸውን አንሥተው። ዓይናቸው በደስታ እንባ ሞልቷል። «ከምግብ በኋላ። እንዲህ ያለ ወሬ በባዶ ሆድ አይሰማም። አምስት ዓመት የጠበቅሁ ሰው ግማሽ ሰዓት አልጠብቅም? ተቀመጥ።»

ጋሽ ካሣሁን ተቀመጡ። ወደ ወይራዋ እንውሰዳቸው ያለ ሰው የለም። እያንዳንዳችን ሌላው እስኪናገር እንጠብቅ ነበር፤ እየጠበቅን ሳለ እሳቸው ቤቱን ያስጎበኙን ጀመር። እዚህ ጋ የመሓሪ አልጋ ነበር። እዚህ ጋ ምብራት የሰቀለችው ሥዕል። «ሲመጣ ይደነግጣል» አሉ። «እኔ ነኝ ከበሩ የምቀበለው። ‘ግባ፣ መስታወቱን አሳደስኩት’ እለዋለሁ።»

ፀደንያ ያረፈደችው ያኔ ደረሰች። ከገላን ነው የምትመጣው፤ ታክሲ አጥታ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተሰልፋለች። ሰዓቱ ከአራት ተኩል አልፎ ስለነበር ነገሩ ተነግሮ ያለቀ መስሏታል። ነጠላዋን አዘቅዝቃለች፤ ጥለቱ አንገቷ ሥር ነው። ለቅሶ ቤት ስትደርስ ማንኛዋም ሴት እንደምታደርገው ከድልድዩ ጀምራ እያለቀሰች ነበር የመጣችው።

እኛ በመስታወቱ ውስጥ ነው ያየናት። ደረጃው ላይ ሙሽሮች ፎቶ ይነሣሉ። ፀደንያ በመሐላቸው ወረደች፤ ሙሽራዋ ቀሚሷን ሰብስባ ዞር አለችላት፤ ፎቶ አንሺው ካሜራውን ዝቅ አደረገ። አፏ ተከፍቷል፣ ደረቷን ትመታለች፣ ድምፅ የለም። ድርብ ነው መስታወቱ።

«ፀደንያ አይደለችም እንዴ?» አሉ ጋሽ ገብረአብ። ከወንበራቸው ብድግ አሉ። «አዘቅዝቃለች እኮ! ምስኪን፣ ማን ሞቶባት ነው? ወንድሟ ነው? እናንተ ሰዎች፣ ሰው ሞቶባት ነው እኔን ለደስታ የምትጠሩኝ? ሄደን እንያዛት…»

ዞረው አዩን። ሁላችንም ጠረጴዛውን እናይ ነበር።

እንደገና ወደ ውጭ አዩ፤ ጥለቱን፣ አንገቷ ሥር ያለውን። ከዚያ ጋሽ ካሣሁንን አዩ፤ እጃቸውን አጣምረው ራሳቸውን ዘንበል አድርገው ነበር። ከዚያ ጎትተው ያመጡትን ወንበር አዩ።

ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«ገብሬ፣ ወንድሜ…» አሉ ጋሽ ካሣሁን።

«ተወው ካሣ። ገባኝ።»

ጩኸት እንጠብቅ ነበር። ብብታቸውን ለመያዝ ሰላሀዲንና እኔ ግራና ቀኝ ተነሥተን ነበር። አልጮኹም።

«የት ነው?» አሉ። ጋሽ ካሣሁን ነገሯቸው። ቤተ ክርስቲያኑን፣ ቄሱን፣ ኅዳርን።

«መስታወቱስ?» አሉ ወደ እኔ ዞረው። «ደርሶ ነበር?»

ሣጥኖቹ መኪናው ላይ እንደነበሩ አውቃለሁ። ቄሱ የሰፈሩን ስም ያነበቡት ከሣጥኖቹ ላይ ነው። መዋሸት አትችልም የተባልኩት እኔ «ደርሶ ነበር ጋሼ» አልኩ። «አድርሶ ሲመለስ ነው።» የሚያሳርፋቸው መስሎኝ ነበር።

«እንግዲያስ ወደ ቤት እየመጣ ነበር» አሉ።

መንጃ ፈቃዱን አውጥቼ ሰጠኋቸው። እፍ አሉበት፤ ልክ መስታወት ለመወልወል እንደሚሉት፣ ከሆድ በሚወጣ ሙቅ ትንፋሽ። በመሐረባቸው አሹት። ወደ ብርሃን አነሡት፤ የቀረ ዱካ እንዳለ እንደሚያይ ሰው አዘንብለው አዩት። ከዚያ በባዶው ወንበር ፊት፣ በውኃ ብርጭቆ አስደግፈው አቆሙት።

ሀኒፋ ምግቡን ይዛ መጣች። ጥብሱ እየጨሰ ነው። ለዘጠኝ ሰው ሳህን መደርደር ጀመረች፤ ፊታችንን አይታ ሦስተኛው ላይ እጇ ቆመ።

«አቅርቢ ልጄ» አሏት። ለእኛም «ብሉ» አሉን። «ቀርቧል እኮ። ቤቴ ነው፤ ብሉ።»

ያዘነን ሰው ቅመስ እያልን የምንለምን እኛ ነበርን። ማንም እጁን አልዘረጋም።

በሩ ተከፈተና የፀደንያ ድምፅ በአንድ ጊዜ ገባ። የሚበላው ሁሉ ዞረ። ጥበቃው ተከትሏት ገባ፣ ወጣት ነው፣ ሠላሳ አይሞላውም። «እህቴ፣ እዚህ ማልቀስ አይቻልም» ይላታል። «ደንበኛ ይረበሻል፣ እባክሽ፣ እኔን ነው የሚጠይቁኝ።»

«ተዋት» አለ ሰላሀዲን። «ቤታቸው ነው።»

«የማን ቤት?»

ሰላሀዲን መልስ ሲያጣ ያየሁት በዕድሜዬ ያን ቀን ብቻ ነው። በጣቱ ጠረጴዛውን አሳየ፣ ወለሉን አሳየ፣ ወይራዋን አሳየ። ጥበቃው ግን የጋሽ ገብረአብን ፊት አይቶ ኮፍያውን አወለቀ።

ወደ ውጭ ወሰድናቸው። ወይራዋ ሥር አግዳሚው ሞልቶ ነበር፤ አይስክሬም የያዙ ልጆችና እናቶቻቸው ሳይጠየቁ ተነሡልን። ጋሽ ገብረአብ አግዳሚው ላይ አልተቀመጡም። በዚያ በሠርጉ ልብስ የድንጋዩ ንጣፍ ላይ ተቀመጡ፣ ጀርባቸውን ለዛፉ ሰጥተው፣ ፊታቸውን ወደ መስታወቱ። በመስታወቱ ውስጥ ጠረጴዛዋ ትታያለች፤ ዘጠኝ ሳህን፣ ያልተነካ ምግብ። ፀደንያ እግራቸው ሥር ወድቃ ይቅርታ ትለምናለች። ጭንቅላቷን ይዳብሷታል።

«ካሣ» አሉ በመጨረሻ።

«አቤት ወንድሜ።»

«እሑድ እሑድ እንግዲህ የት ልሂድ?»

ጋሽ ካሣሁን አጠገባቸው ተቀመጡ። ከድልድዩ በኩል አንድ የጭነት መኪና ጥሩንባ ተሰማ። አንዴ ብቻ ነው የነፋው።

ድንኳኑን ለሦስት ቀን ኮንዶሚኒየሙ መኪና ማቆሚያ ላይ ተከልነው። የብሎኩ ሰዎች ደግ ናቸው፤ መጥተው ተቀመጡ፤ ከተቀመጡ በኋላ ቀስ ብለው «ማን ነው የሞተው?» ብለው ይጠይቁን ነበር። በአርባው ጋሽ ካሣሁን ድስቶቹን ለአንድ ሌላ ዕድር ሰጡ። ከዚያ ወዲህ አልተሰበሰብንም።

ጋሽ ገብረአብ ከአራተኛ ፎቅ አይወርዱም። መጋረጃው አይገለጥም። ሰምሃር እንደነገረችኝ ቀኑ ምን እንደሆነ አይጠይቁም፤ አንድ እሑድ ጠዋት ዕንቁላል ስትሰብር ሰምተው «አቁሚ» ብለዋታል፤ ከዚያ በቀር የተናገሩት የለም። ሁለቴ ሄጄ ነበር። መስታወቱ አልደረሰም ልላቸው ነበር የሄድኩት። ሳልነግራቸው ተመለስኩ።

ጥር ላይ ከጅማ የመጡ ዘመዶች ወንዙን አሳየን ብለውኝ ወሰድኳቸው። ተዘዋወሩ፣ ፎቶ ተነሡ፣ አምሯል አሉ፤ አምሯልም። ሬስቶራንቱ ገባን። ጥጓ ጠረጴዛ ላይ አንድ ቤተሰብ ልደት ያከብራል። ሀኒፋ አወቀችኝ። ትእዛዛችንን ተቀብላ ከሄደች በኋላ ተመልሳ መጣች።

«እኚያ ሽማግሌ ቀሩብን» አለችኝ። «ደህና ናቸው?»

«ትንሽ አሟቸው ነው» አልኳት።

ሀኒፋ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። ዓይኗ ሞላ፣ ወደ ጥጓ ጠረጴዛ ዞር ብላ አየች። ምን እንደገባት አወቅሁ። በሕይወት አሉ ልላት አፌን ከፈትኩ፤ አልወጣልኝም።